ባዛልት ላይ የተዘረጋ ዙፋን

በ6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ የመጣው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ስለ አክሱም ወርቅ አንድ ለየት ያለ ምስክርነት ጽፎ አልፏል። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዢ አማካይነት ሳሱ ወደሚባል አገር ሰዎቹን ይልካል። ሌሎች ነጋዴዎችም ስለሚቀላቀሏቸው የመንገደኛው ቁጥር ከ500 ይበልጣል። ከብት ይነዳሉ፣ ጨውና ብረት ይጭናሉ። ከቦታው ሲደርሱ በእሾህ አጥር ተከልለው ይሰፍራሉ፤ በሬዎቹን ያርዱና ሥጋውን ከጨውና ከብረቱ ጋር በእሾሁ ላይ ይደረድራሉ። የአገሩ ሰው ይመጣል፣ በወደደው ዕቃ ላይ አንድ ወይም ሁለት የወርቅ ፍሬ ያኖራል፣ ፈቀቅ ብሎ ይቆማል። ባለ ዕቃው ዋጋው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማው ዝም ይላል። ያኛው ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይመለሳል። በመካከላቸው ቃል አይነገርም። ጉዞው ደርሶ መልስ 6 ወር ያህል ይፈጃል። ይህ ምስክርነት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዝምተኛው ግብይት እንግዳ ስለሆነ ነው። ከግብይቱ ይልቅ ግን የሚያስገርመው ርቀቱ ነው። አክሱም ከንጉሥ እንዱቢስ ጊዜ፣ ማለትም ከ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ እስከ 7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የወርቅ ገንዘብ እየመታ ከሮም ዓለም ጋር የነገደ መንግሥት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ያለ መንግሥት ለገንዘቡ የሚሆነውን ወርቅ ፍለጋ ግማሽ ዓመት የሚጓዘው ለምንድን ነው?

የወርቅ ታሪካችንን ከቤተ መንግሥት በኩል ማንበብ ለምደናል። ማን ገበረ፣ ማን ተቀበለ፣ ማን ዘመተ እያልን እንቆጥራለን። ዜና መዋዕሉም የተጻፈው በዚያው መንገድ ስለሆነ አንባቢው አይፈረድበትም። ሆኖም ወርቁ ማን እጅ እንደሚገባ፣ በምን ዓይነት ጉልበት እንደሚወጣና ለምን ሁልጊዜ ከሩቅ እንደሚመጣ የወሰነው መጀመሪያ ንጉሥ አልነበረም። ከ500 ሚሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት የአህጉሮች ግጭት የሰነጠቀው ድንጋይና በስንጥቁ ውስጥ ያለፈ ትኩስ ውሃ ነው። ነገሥታቱ ከዚያ በኋላ መጥተው የተወሰነውን ነገር ተቀበሉ፤ አንዳንዶቹ ተቀበሉት፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሊቀበሉት ባለመፈለጋቸው ከፈሉበት።

መሬቱን እንመልከት። ሰሜኑና መካከለኛው ደጋ በአብዛኛው የተሸፈነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ገንፍሎ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ የዚህ ባዛልት ውፍረት 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን፣ እንጦጦ፣ አዲስ አበባ ሁሉም የተተከሉት በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ይህ ድንጋይ ሲበሰብስ ለእርሻ የሚመች አፈር ይሆናል፤ ጤፉም፣ ስንዴውም፣ በሬውም፣ ሠራዊቱም ከዚያ ይወጣል። ወርቅ ግን አይወጣም። ከባዛልቱ ሥር የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ንጣፎች አሉ፤ ከእነርሱም ሥር ጥንታዊው መሠረት ድንጋይ ተኝቷል። መሠረቱ ፀሐይ የሚያየው የደጋው ልብስ ባለቀበት በዳር ዳሩ ነው። በምዕራብ በወለጋ፣ በቤኒ ሻንጉልና በጋምቤላ፣ በደቡብ በጉጂና በቦረና፣ በሰሜን በትግራይና በኤርትራ ይገኛል። ነጆ፣ አሶሳ፣ ኩርሙክ፣ አኮቦ፣ አዶላ፣ ሻኪሶ፣ ሽሬ እያልን የወርቅ ቦታዎችን ስም ስንጠራ፣ ሳናውቀው የዚያን መሠረት ጠርዝ በጣት እየተከተልን ነው። ዙፋኑ ባዛልት ላይ ተዘረጋ፣ ወርቁ ከባዛልቱ ውጭ ቀረ። የሳሱ መንገድ ርዝመት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

መሠረቱስ ወርቁን ከየት አመጣው? ዛሬ አፍሪካና ዓረቢያ ከምንላቸው ምድሮች በፊት የጂኦሎጂ ሊቃውንት የሞዛምቢክ ውቅያኖስ ብለው የሚጠሩት ባሕር ነበረ። ከ850 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይህ ውቅያኖስ ቀስ በቀስ ተዘጋ። በውስጡ የነበሩት የእሳተ ገሞራ ደሴቶች እየተጠጉ እርስ በርስ ተለጠፉ፤ በመጨረሻም በምሥራቅና በምዕራብ የነበሩት ትልልቅ የምድር ቅርፊቶች ገጭተው ጨመቋቸው። ከግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ በሱዳን፣ በኤርትራና በኢትዮጵያ የሚያልፈው፣ ከቀይ ባሕር ማዶም በሳዑዲ ዓረቢያ የሚቀጥለው አለት የዚያ ግጭት ጠባሳ ነው፤ ሰሜናዊው ክፍሉ የአረብ-ኑብያ ጋሻ ይባላል። ግጭቱ ድንጋዩን እንደ ልብስ አጠፈው፣ አጣመመው፣ በረጃጅም መስመሮችም ሰነጠቀው። በእነዚህ የስብራት መስመሮች ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ እንደ እህል ደቀቀ። በኢትዮጵያ ምዕራብና ደቡብ አብዛኞቹ መስመሮች ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት ግፊቱ ከምሥራቅና ከምዕራብ ስለመጣ ነው።

ስብራት ብቻውን ወርቅ አይወልድም። በተራ የምድር ቅርፊት ውስጥ በ1 ቶን ድንጋይ ጥቂት ሚሊግራም ወርቅ ብቻ አለ። አንድ ማዕድን ማውጫ ከኪሳራ የሚድነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ቶን ውስጥ 1 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ወርቁን ከሰፊ ቦታ ለቅሞ በጠባብ ቦታ ብዙ መቶ እጥፍ ማከማቸት አለበት። ለቃሚው ውሃ ነው። የባሕር ወለል የነበረው ድንጋይ በግጭቱ ወደ ጥልቁ ተቀብሮ ሙቀቱ ወደ 500 ዲግሪ ሲጠጋ፣ በማዕድኖቹ ውስጥ ታስሮ የኖረው ውሃ ይለቀቃል። አብሮትም ካርቦን ዳይኦክሳይድና ድኝ ይወጣል። ወርቅ በተራ ውሃ አይሟሟም ቢባል ትክክል ነው፤ ድኝ ያለበት ትኩስ ውሃ ግን ያሟሟዋል። ድኙ ወርቁን አቅፎ ይሸከመዋል። ይህ ፈሳሽ ከላይ ያለው ድንጋይ ስለሚጫነው መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫው ያ የደቀቀው የስብራት መስመር ነው።

ወርቁ ከሸክሙ የሚወርድበትን መንገድ በተመለከተ በ1988 ሪቻርድ ሲብሰን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያቀረበው ሐሳብ እስከ ዛሬ ድረስ ሚዛን ይደፋል። ሐሳቡን የግፊት ድስትን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ስብራቱ በኳርትዝ ተደፍኖ ሳለ ከሥሩ የሚወጣው ፈሳሽ ይታመቃል። ግፊቱ የድንጋዩን መያዣ ሲያሸንፍ ስብራቱ ይንሸራተታል፣ ምድር ትንቀጠቀጣለች፣ ክዳኑ ይከፈታል። ግፊቱ በአንድ አፍታ ሲወድቅ ፈሳሹ ይፈላል፤ ድኙ በእንፋሎት ያመልጣል፣ ተሸካሚ ያጣው ወርቅም ከነጩ ኳርትዝ ጋር እዚያው ይቀራል። ኳርትዙ ስብራቱን መልሶ ይደፍነዋል፣ ግፊቱም እንደገና ይጀምራል። ይህ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። በዓለም ላይ ባሉ ብዙ የወርቅ ቦታዎች የኳርትዝ ሥሮቹ እንደ ሽንኩርት በስስ ንብርብር የተሠሩ መሆናቸው ለዚህ ማስረጃ ነው፤ እያንዳንዱ ንብርብር አንድ መከፈትና መደፈን ነው። ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ይበልጥ ዝምተኛ ነው። ፈሳሹ ብረት የበዛበት ድንጋይ ሲነካ ድኙ ወርቁን ትቶ ከብረቱ ጋር ይጋባና ፓይራይት ይሆናል፤ ወርቁ እንደተፈታች ሙሽራ ብቻውን ይቀራል። በ2024 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ኳርትዝ በመንቀጥቀጥ ሲጨመቅ የሚያመነጨው ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ወርቅን ከፈሳሹ መሳብ እንደሚችል በሙከራ አሳይተዋል። የትልልቅ የወርቅ እንክብሎችን ነገር ለማስረዳት ይጠቅም ይሆናል፤ ለጊዜው ግን የሲብሰንን ሐሳብ የሚያግዝ ተጨማሪ እንጂ የሚሽር አይደለም።

ይህን ሁሉ ማን አየው? ተብሎ ቢጠየቅ አግባብ ነው፤ ሂደቱ ከምድር በታች ብዙ ኪሎ ሜትር ጠልቆ የተፈጸመና ሰው ባልነበረበት ዘመን ያለፈ ነውና። መልሱ ፈሳሹ ራሱ እስከ ዛሬ አለ ነው። ኳርትዝ ሲያድግ የዚያን ውሃ ጥቃቅን ጠብታዎች በውስጡ ይዘጋባቸዋል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶርቢ በ1858 በአጉሊ መነጽር አጥንቶ እንደጻፈው፣ በጠብታው ውስጥ ያለችው የእንፋሎት አረፋ ድንጋዩ ሲሞቅ የምትጠፋበት ሙቀት ጠብታው የተዘጋበትን ሙቀት ያመለክታል። ዛሬም የማዕድን ተመራማሪዎች የሚሠሩት በዚያው ብልሃት ነው። የተረፈውን ጥርጣሬ ደግሞ በሕይወት ያለ ምሳሌ ያነሣዋል፤ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ሊሂር ደሴት ላይ ከትልቁ የወርቅ ክምችት ሥር ዛሬም የሚንቀሳቀሰው ትኩስ ውሃ ተቀድቶ ተለክቶ፣ ውስጡ የሟሟ ወርቅ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ በ2006 እንዳሰሉት በዚያ ፍጥነት ያ ክምችት ለመሠራት ከ55,000 ዓመት ያልበለጠ ጊዜ ይበቃዋል። ለምድር ይህ አንድ ቀትር ነው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ አንባቢ የራሱ ጥያቄ ይኖረዋል። ትኩስ ውሃና የምድር ስብራት ወርቅ የሚያመጡ ከሆነ ፍልውሃ ለምን ወርቅ አይሰጥም? ከስምጥ ሸለቆውስ የበለጠ ስብራት የት አለ? ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም የክርክሩን ወሰን ያሳያል። ስምጥ ሸለቆው ምድር የምትለያይበት እንጂ የምትጨመቅበት ቦታ አይደለም፤ ውሃውም በአብዛኛው ከዝናብ ወርዶ፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ ሞቆ የሚመለስ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድኝ ካገኘ ወርቅ ሊሸከም እንደሚችል ሊሂር ራሱ ይመሰክራል፤ በአፋር በተንዳሆ አካባቢም የወርቅ ምልክት ያለባቸው የኳርትዝ ሥሮች ተገኝተዋል። ስለዚህ ስምጥ ሸለቆው ባዶ ነው አልልም። እስካሁን ያለው ታሪካዊ ወርቅ ግን ከወጣቱ ስብራት ሳይሆን ከአሮጌው የመጣ ነው። አሮጌው ደግሞ በጥልቅ ተሠርቶ፣ ከዚያ ለብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት እየተሸረሸረ ወደ ላይ የወጣ ስለሆነ ሰው ሊደርስበት ቻለ።

ወጣቱ ስብራት በወርቅ ታሪክ ውስጥ ቦታ የለውም ማለት ግን ስህተት ነው፤ የሰጠው ጨው ነው። ዳናክል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው ምድር እየተለያየች ስለሰመጠች ነው። የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት ደረቀና የማያልቅ ጨው ተወ። ያ ጨው እየተፈለጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ወጣ፤ አሞሌ ሆኖ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ በገበያ እንደ ገንዘብ አገለገለ። ኮስማስ የዘረዘረውን ጭነት መለስ ብለን ብናየው ጨውን እናገኛለን። አክሱም ከሳሱ ጋር ያደረገችው ግብይት እንግዲህ በሁለት የምድር ስብራቶች መካከል የተደረገ ልውውጥ ነበር። ከአሮጌው መገጣጠሚያ ወርቅ መጣ፣ ከአዲሱ መለያያ ጨው ሄደ። በመካከሉ ያለው ባዛልት ደግሞ በሬውንና ስንቁን ሰጠ። የደጋው ነጋዴ ትልቅ የሆነው በራሱ ቤት ወርቅ ስለነበረው ሳይሆን በሁለቱ መካከል ስለተቀመጠ ነው።

አንድ ዓይነት አለት ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ታሪክ አልሠራም። ይህን ለማየት ሰሜኑን ከደቡቡ ማነጻጸር ይበጃል። በግብፅ ምሥራቃዊ በረሃና በኑብያ ያለው ወርቅ የእኛው ወርቅ ወንድም ነው፤ በዚያው ግጭት፣ በዚያው ዓይነት የኳርትዝ ሥር ውስጥ ተሠራ። ጥንታዊ ግብፃውያን በ1150 ዓመተ ዓለም ገደማ በፓፒረስ ላይ የሣሉት፣ ዛሬ በጣሊያን ቱሪን ከተማ ያለው ካርታ ወርቅ ያለባቸውን ተራሮች በቀለም ለይቶ ያሳያል። ዝናብ በሌለበት በረሃ ወርቁ በድንጋዩ ውስጥ እንደታሰረ ይኖራል። ስለዚህ ሰው ድንጋዩን በእሳት እያጋለ፣ እየሰበረ፣ በወፍጮ እየፈጨ ማውጣት ነበረበት፤ ውሃውም ስንቁም ከሩቅ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሥራ በፈቃዱ የሚሠራ ቤተሰብ የለም። ግሪካዊው አጋታርኪደስ በ2ኛው መቶ ዘመን ዓመተ ዓለም ስለ እነዚያ ጉድጓዶች ሲጽፍ፣ በሰንሰለት የታሰሩ ፍርደኞችንና ምርኮኞችን፣ ወፍጮ የሚገፉ ሴቶችንና ሽማግሌዎችን ነው የሚያሳየን። ወደ ወለጋና ወደ ቤኒ ሻንጉል ስንመጣ ወፍጮውን የሚፈጨው ክረምቱ ነው። ዝናቡ አለቱን ያበሰብሰዋል፣ ጎርፉ ይወስደዋል፣ ወንዙ ቀላሉን አጥቦ ከባዱን ከደለሉ ሥር ይተወዋል። ዳቡስና ሌሎች የአባይ ገባሮች ይህን ሥራ ለሚሊዮን ዓመታት ሠርተዋል። ሰው የሚያስፈልገው መቆፈሪያና የእንጨት ገበታ ነው፤ ቤተሰብ ከእርሻ መልስ፣ በበጋ ውሃው ሲጎድል ሊሠራው ይችላል።

ልዩነቱ የአሠራር ብቻ አይደለም፣ የሥልጣንም ነው። ታስሮ ያለን ወርቅ መንግሥት ዙሪያውን አጥሮ የራሱ ሊያደርገው ይችላል። በመቶ ጅረቶች የተበተነን ወርቅ ማንም አጥሮ አይጨርሰውም። የቀረው መንገድ ወይ ገበያው ላይ መጠበቅ፣ ወይ ባላባቱን ማስገበር ነው። የኢትዮጵያ ነገሥታት በዘመናት ሁሉ ያደረጉትም እነዚህኑ ሁለቱን ነው። በመካከለኛው ዘመን የዳሞት፣ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የእናርያ ወርቅ ወደ ቤተ መንግሥት የገባው በግብር መልክ ነው። ንጉሡ ቆፋሪ አላሰማራም፤ በወቄት ተመዝኖ የመጣውን ተቀበለ። ሲደክም ግብሩ ይቀንሳል፣ ሲበረታ ይጨምራል፤ ወንዙን ግን አይቆጣጠርም። ይህን የመንግሥት ድክመት አድርገው የሚያዩ አሉ። እኔ ግን ከቁሱ ጋር የተስማማ አስተዋይነት ይመስለኛል።

ለዚህ ሁሉ ጠንካራ የሆነ መቃወሚያ አለ፤ የሚመጣውም ከአክሱም ነው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ በአክሱም ኃይለኛ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ዝናቡ የገለጠውን ወርቅ ፍለጋ ወደ እርሻው እንደሚወጣ ጽፏል። እውነትም በሽሬና በአድያቦ በኩል ጥንታዊው መሠረት ገሃድ ወጥቷል፤ ዛሬም እዚያ ወርቅ ይታጠባል። እንግዲያው አክሱም ከደጇ ወርቅ ነበራት፤ ባዛልት ላይ የተዘረጋ ዙፋን የሚለው ነገር ከመጀመሪያው ዋና ከተማችን ላይ ይወድቃል ሊባል ይችላል። መቃወሚያው ግማሽ እውነት አለው፤ ምናልባትም የአክሱም መንግሥት ወርቅን በገንዘብነት የለመደው በደጁ ስላየው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከዝናብ በኋላ ከእርሻ የሚለቀመው ወርቅ ለቤተሰብ እንጂ ለመንግሥት ገንዘብ ቤት አይበቃም። ቢበቃ ኖሮ 500 ሰው ለ6 ወር ወደ ሳሱ ባልተላከም ነበር። የገንዘቡ ታሪክም ይህንኑ ያግዛል። መጀመሪያ 2.7 ግራም ገደማ የነበረው የአክሱም ወርቅ ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወርዷል፤ ይህ የሮምን የሚዛን ለውጥ ተከትሎ ነው ቢባልም፣ የወርቁ ጥራት በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን እየቀነሰ መሄዱ ግን አቅርቦት እንደልብ እንዳልነበረ ይጠቁማል።

የመሬቱን ፍርድ አልቀበልም ያለ ገዢ ምን እንደሚገጥመው ያሳየው የግብፁ መሐመድ ዓሊ ነው። በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ዋና ፍላጎቱ ለሠራዊቱ ባሪያና ለግምጃ ቤቱ ወርቅ ነበር። ልጁ እስማኤል ፓሻ በ1822 መጀመሪያ እስከ ፋዞግሊ፣ የዛሬው ቤኒ ሻንጉል አጠገብ ደረሰ። ያገኘው ግን የጠበቀውን የወርቅ ተራራ ሳይሆን በጅረት የተበተነ ደቃቅ ነው። ተስፋ ቆርጦ ተመለሰ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሸንዲ ላይ ተቃጥሎ ሞተ። አባትየው ግን አልተወውም። ኦስትሪያዊውን ጂኦሎጂስት ዮሴፍ ሩሴገርን ላከ፤ ዕድሜው ወደ 70 ሲጠጋም በ1838 መጨረሻ ራሱ ወደ ፋዞግሊ ተጓዘ፤ በመጨረሻም ሩሲያዊው የማዕድን መሐንዲስ ዬጎር ኮቫሌቭስኪ በ1848 መጣ። ሊቃውንቱ ወርቅ አላገኙም አይባልም። ያጡት በአንድ ቦታ ተከማችቶ የጦር ወጪ የሚመልስ ወርቅ ነው። የግብፁ ገዢ የበረሃውን የጉድጓድ ልማድ ወደ ዝናብ አገር ይዞ መጣ፣ ዝናቡም ልማዱን አፈረሰበት። አካባቢው የከፈለው ከወርቅ ይልቅ በባርነት ነው፤ ይህ ከታሪኩ ሁሉ መራራው ክፍል ነው።

ምኒልክ የቀደመውን መንገድ መርጠዋል። ራስ መኰንን ከ1897 እስከ 1898 በመሩት ዘመቻ ቤኒ ሻንጉል ሲያዝ፣ አካባቢው በባላባቶቹ በኩል ወርቅ ገበረ፤ ከባላባቶቹ ሁሉ ስማቸው የገነነው የአሶሳው ሼክ ኾጀሌ አል-ሐሰን ናቸው። በ15 ግንቦት 1902 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል የድንበሩን መስመር ሲያሠምር ይህ የወርቅ አገር በኢትዮጵያ በኩል ቀረ። ዛሬ ካርታ ላይ የምናየው የምዕራብ ድንበር ከፊሉ የኳርትዝ ሥር የሄደበትን አካባቢ ይዞ የተሠመረ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።  

የደቡቡ አዶላ ሁለቱን የወርቅ ዓይነቶች በአንድ አገር ያሳያል። በ1930ዎቹ በጉጂ ወንዞች የተገኘው የደለል ወርቅ ከጣሊያን መባረር በኋላ የመንግሥት ዋና የወርቅ ምንጭ ሆነ፤ ከተማውም ክብረ መንግሥት የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ማን ከወርቁ ምን እንደሚጠብቅ በግልጽ ይናገራል። የደለሉ እናት የሆነው አለት ግን ማዕድን ማውጫ የሆነው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ የለገ ደንቢ ሥራ የተጀመረው በ1990 ገደማ ነው። የለገ ደንቢ ወርቅ የተቀመጠው እላይ በተገለጸው ዓይነት ቦታ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ ስብራት አለ፤ በአንድ ወገን ጠንካራ አለት፣ በሌላው ወገን የጥንት ባሕር ደለልና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተጋጥመዋል፤ በመጋጠሚያው ቀጥ ብለው የቆሙ የኳርትዝ ሥሮች ወርቁን ይዘዋል። ዕድሜው ሲለካ 540 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከግጭቱ ማብቂያ ጋር ይገጥማል። አለቱን ማጠር ይቻላልና ታጠረ። በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ለግል ኩባንያ ተሸጠ፤ በ2018 ደግሞ በአካባቢው ሕዝብ ተቃውሞ ምክንያት ፈቃዱ ታገደ። ፋብሪካ፣ አጥር፣ ኬሚካል፣ ባለ ፈቃድና ተቃዋሚ በአንድ ቦታ የተገናኙት ወርቁ በአንድ ቦታ ስለቆየ ነው። በጅረት ቢበተን ኖሮ ክርክሩም በጅረት በተበተነ ነበር።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው፣ ድንጋዩ ሁሉን ከወሰነ ለሰው ምን ቀረለት? ሊል ይችላል። ድንጋዩ ሁሉን አልወሰነም። የአዶላ ወርቅ ለ540 ሚሊዮን ዓመታት እዚያው ነበረ፤ የመንግሥት ታሪክ የሆነው ግን በአንድ ትውልድ ውስጥ ነው። የቤኒ ሻንጉል ደለል ነጻ ቤተሰብም አጥቦታል፣ በባላባት ሥር ያለ ባሪያም አጥቦታል፤ ገበታው አንድ ዓይነት ሆኖ የአጣቢው ዕድል የተለያየ ነው። ድንጋዩ የሚወስነው ወሰኑን ነው፤ ወርቁ የት ሊገኝ እንደሚችል፣ በምን ያህል ጉልበት እንደሚወጣ፣ ሊታጠር እንደሚችልና እንደማይችል። በዚያ ወሰን ውስጥ የሆነውን ግፍና ፍትሕ ለድንጋዩ መስጠት ደግሞ ገዢዎችን ከተጠያቂነት ማስመለጥ ይሆናል። የእኔ ክርክር ከዚህ የተለየ ነው። ወሰኑን ሳያውቁ የገዢዎቹን ሥራ መመዘን አይቻልም ነው የምለው፤ መሐመድ ዓሊን ሰነፍ፣ የእናርያን ግብር ተቀባይ ነገሥታት ደካማ የሚያሰኘን ይህን አለማወቅ ነው።

ዛሬም ወሰኑ አልተለወጠም። በ2017 በጀት ዓመት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ወርቅ ቡናን ቀድሞ የአገሪቱ ዋና የውጭ ንግድ ገቢ ሆነ፤ ለብሔራዊ ባንክ ከቀረበውም ወርቅ አብዛኛው ከታጠሩ ማውጫዎች ሳይሆን ባህላዊ አምራቾች ከሚባሉት ወርቅ አጣቢዎች የመጣ ነው። ባንኩም ወንዙን ስለማይቆጣጠር ወርቁን የሚስበው በዋጋ ነው፤ ዋጋው ሲያንስ ወርቁ በድንበር ይወጣል። የአክሱም ንጉሥ ሰዎች በእሾህ አጥር ላይ ሥጋና ጨው ደርድረው እንደጠበቁት ማለት ነው። ሳሱን በተመለከተ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ ወደ ፋዞግሊና ቤኒ ሻንጉል ያዘነብላሉ። ክርክሩ በአብዛኛው የሚካሄደው በግሪክኛው ጽሑፍና በመንገዱ ርዝመት ላይ ነው። ሳሱን መፈለግ የሚሻ ተመራማሪ ግን ከኮስማስ መጽሐፍ ጎን የጂኦሎጂ ካርታ መዘርጋት አለበት፤ ደርሶ መልስ 6 ወር ከሚያስኬደው መንገድ መጨረሻ ላይ ጥንታዊው አለት ገሃድ ያልወጣበት ቦታ ሁሉ ሳሱ ሊሆን አይችልም።